የማዕድ ቤትዎ ድንጋይ ሎሚ ይችላል?

የፋሲካ ዋዜማ ነበር። ኮተቤ ባለው ቤታችን እናቴ ከጠዋት ጀምራ ዶሮ ታጥባለች። ዶሮ ማጠብ ምን ማለት እንደሆነ ለእርስዎ መንገር አያስፈልግም፤ ብልቱ ከወጣ በኋላ በጨው ይታሻል፣ ሎሚ ይጨመቅበታል፣ ይታጠባል፣ እንደገና ሎሚ፣ እንደገና ውሃ፤ ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ ይኸው ይደጋገማል። የተጨመቁት ግማሽ ሎሚዎች በሲንኩ ዙሪያ ተደርድረዋል። ቤቱ በሽንኩርትና በቅቤ ሽታ ታውዷል፤ ሁላችንም ደስ ብሎናል።

በማግስቱ ጾሙ ተፈትቶ፣ እንግዳው ሁሉ ከሄደ በኋላ ጠረጴዛውን ስወለውል እጄ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ከተገጠመ ሦስት ወር ያልሞላው ነጭ እምነበረድ ላይ፣ ልክ ሎሚዎቹ ተቀምጠውበት የነበረው ቦታ፣ ጭጋግ የመሰሉ ክብ ክብ ምልክቶች ታትመዋል። በሳሙና አሸሁት፤ አልለቀቀም። በበረኪና ሞከርኩ፤ አልለቀቀም። (በረኪና ለእምነበረድ እንደማይመከር ያወቅሁት ቆይቼ ነው።) እናቴ ከኋላዬ ቆማ ስታየኝ ቆየችና “እኔን መች ጠየቃችሁኝ?” አለች።

እውነቷን ነው። ድንጋዩን የመረጥነው እኔና ባለቤቴ ነን፤ ሁለታችንም ከሰኞ እስከ ዓርብ ቢሮ ነው የምንውለው። በዚያ ጠረጴዛ ላይ የሚሠሩት እናቴና የቤት ሠራተኛችን ናቸው። ያየነው ፎቶ ነበር፤ እነሱ የሚያዩት ሎሚ፣ ኤርድና በርበሬ ነው። ቤት እየሠሩ ወይም የኮንዶሚኒየምዎን ፊኒሺንግ እያሰቡ ከሆነ፣ ካቢኔት ሠሪዎች “ቶፕ” የሚሉትን ይህን የጠረጴዛ ፊት ከመምረጥዎ በፊት እኛ የከፈልንበትን ትምህርት በነፃ ይውሰዱት።

መጀመሪያ ስለ እምነበረዱ። እምነበረድ በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ሎሚ፣ አቼቶ፣ ቲማቲም፣ የወይን ጠጅ አሲድ አላቸው፤ አሲድ ደግሞ የዚህን ድንጋይ የላይኛውን ፊት ይበላል። ስለዚህ ያየሁት እድፍ አልነበረም። እድፍ ወደ ድንጋዩ ውስጥ የገባ ነገር ነው፤ ይሄ ግን ከድንጋዩ ላይ የጎደለ ነገር ነው። ማጠብ የማይመልሰውም ለዚህ ነው፤ የሚመልሰው ባለሙያ እንደገና ሞርዶ ፖሊሽ ሲያደርገው ብቻ ነው። የሸጠልን ሰው “ሲለር ይቀባል፣ አይዞአችሁ” ብሎን ነበር። ሲለር ዘይትና ቀለም ቶሎ እንዳይሰርግ ያግዛል፤ አሲድን ግን አያስቆምም። ይህን ልዩነት የነገረን ሰው አልነበረም፤ እኛም አልጠየቅንም።

የእኔ ሙያ ማርኬቲንግ ነው፤ ስለዚህ ራሴን ይበልጥ ታዘብኩት። ዕቃ መሸጫ አዳራሽ ውስጥ መብራቱ ለምን ከላይ በቀጥታ እንደሚወርድ፣ ድንጋዩ ለምን ቆሞ እንደሚታይ፣ አጠገቡ ለምን አንድ የአበባ ማስቀመጫ ብቻ እንደሚቀመጥ አውቃለሁ። ማንም ሻጭ ድንጋይ ላይ ሽንኩርት ከትፎ አያሳይዎትም። ቤትዎ ግን ያ መብራት የለም፤ በምትኩ በመስኮት የሚገባ የጠዋት ብርሃንና የወጥ ድስት አለ። ናሙና ሳይጠይቁ አይውጡ። ከቁርጥራጭ ውስጥ የእጅ መዳፍ የምታክል ለመስጠት የማይፈልግ ሱቅ ከሆነ፣ ሌላ ሱቅ አለ።

እምነበረድን ግን ጨርሶ አያውግዙት። የሀገራችን እምነበረድ የሚያኮራ ነው። ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ ዳለቲ የሚወጣው ነጩ፣ ከትግራይ የሚወጡት ዓይነቶችም በብዙ የአዲስ አበባ ሕንፃዎች ወለልና ደረጃ ላይ ይታያሉ። ችግሩ ድንጋዩ ሳይሆን እኛ ያስቀመጥንበት ቦታ ነው። ለደረጃ፣ ለመስኮት ደፍ፣ ለሳሎን ጠረጴዛ፣ ሊጥ ለሚዳመጥበት ጥግ ጥሩ ነው። ሎሚ በኪሎ ለሚጨመቅበት ሲንክ ዳር ግን አይሆንም።

በነገራችን ላይ ይህ ምርጫ ራሱ ለእናቶቻችን አዲስ ነው። ፈረንሳይ ለጋሲዮንና ቀበና አካባቢ ያደግን ልጆች የምናስታውሰው ማዕድ ቤት ከዋናው ቤት ተነጥሎ ጓሮ የተሠራ፣ ግድግዳው በጢስ የጠቆረ ክፍል ነው። ማገዶው ሴቶች በጀርባቸው አዝለው ከእንጦጦ የሚያወርዱት ባሕር ዛፍ ነበር፤ ምጣዱ በጉልቻ ላይ ይጣዳል፤ መክተፉም፣ መውቀጡም፣ መጋገሩም ዱካ ላይ ተቀምጦ፣ ወደ መሬት ተጠግቶ ነው። ቆመው የሚሠሩበት ጠረጴዛ ከቪላውና ከኮንዶሚኒየሙ ጋር የመጣ ነው። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባላል፤ ልክ ነው፣ ግን ጉልቻ በካሬ ሜትር አይሸጥም ነበር።

ወደ ግራናይት ልምጣ። አብዛኞቻችን በመጨረሻ የምንደርሰው እዚያው ነው፤ የደረስንበትም ምክንያት አለው። ከላያችን የካ ተራራ ላይ ያለው ዋሻ ሚካኤል ከአለት ተፈልፍሎ የተሠራ ነው፤ አለቱ ለመሮ ስለሚበገር ነው የተፈለፈለው። ግራናይት እንዲህ አይበገርም። በውስጡ ያሉት ማዕድናት በማዕድ ቤት አሲድ የሚበሉ አይደሉም፤ ቢላዋ በቀላሉ አይጭረውም (ቢላዋዎን ግን ያደነዝዘዋል፤ መክተፊያ እንጨት አይተው)፤ ትኩስ ድስትም ይችላል። ይህ ሁሉ ግን የሚሠራው የተሸጠልዎት ድንጋይ እውነት ግራናይት ሲሆን ነው። ገበያ ላይ “ግራናይት” ማለት ብዙ ጊዜ “ጠንካራና የሚያብለጨልጭ ድንጋይ” ማለት ነውና በስሙ አይታመኑ።

እኛ ሁለተኛ ጊዜ ስንገዛ እናቴ ራሷ ፈተና አወጣች። አራት ናሙና መስኮት ሥር ደረደረች። በእያንዳንዱ ላይ አንድ ግማሽ ሎሚ ደፋች፤ በሌላው ጫፍ ኤርድ በዘይት ለውሳ ጠብ አደረገች፤ በሦስተኛው ጥግ ቁሌት። አድሮ ጠዋት ታጠበ። አንዱ ናሙና ሎሚው ሥር ደብዝዞ ተገኘ፤ ሻጩ ግራናይት ነው ብሎ የሰጠን ነበር። ሌላው፣ ፈዛዛ ክሬም ቀለም ያለው፣ ሎሚውን ችሎ ኤርዱን ግን ጠጥቶታል፤ ቢጫው ዛሬም አለ። ይህን ፈተና ለመሥራት አንድ ሌሊትና አንድ ሎሚ ብቻ ነው የሚያስፈልግዎት።

ሱቁ ውስጥ ቆመው ሊያደርጉት የሚችሉትም አለ። ጥቂት ውሃ ጠብ አድርገው አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ይጠብቁ። ከውሃው ሥር ድንጋዩ ከጠቆረ ውሃ ይጠጣል ማለት ነው፤ ውሃ የሚጠጣ ድንጋይ ዘይትም ይጠጣል። እንዲህ ያለውን ከወደዱት ሲለር ያስቀቡ፤ ሲለሩም በየጊዜው መታደስ እንዳለበት ይወቁ። ድንጋዩ በጣም ጥቁር ከሆነ ደግሞ ነጭ ጥጥ በአሴቶን (በጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ) ነክረው ይሹት። ጥጡ ከጠቆረ ድንጋዩ ቀለም የተቀባ ነው፤ ቀለሙ ማዕድ ቤትዎ ውስጥ ይለቃል።

ስለ ቀለም የራሴን አስተያየት ከፈለጉ፣ ድፍን ጥቁር አልመክርም። ያምራል፤ ግን የደረቀ የውሃ ጠብታ፣ የእጅ አሻራና የበጋ አቧራ ሁሉ ይታይበታል። ሙሉ ነጭም ያው ነው። ዝንጉርጉር ግራጫ ሱቅ ውስጥ ዓይን አይስብም፤ ቤት ውስጥ ግን ጤፍ ቢፈስበት፣ ቡና ቢንጠባጠብበት ሰው ሳያይ ተወልውሎ ያልፋል።

አሁን ስለ ክብደት፤ ይህንን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ባለ 2 ሳንቲም ግራናይት በካሬ ሜትር ከ50 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ባለ 3 ሳንቲሙ 80 ኪሎ ገደማ። 3 ሜትር ርዝመትና 60 ሳንቲም ስፋት ያለው ተራ ጠረጴዛ በቀጭኑ ድንጋይ እንኳ ወደ 100 ኪሎ ይጠጋል። ይህ ሁሉ የሚያርፈው ካቢኔቱ ላይ ነው። ካቢኔትዎ ከኤምዲኤፍ ወይም ከቺፕውድ ከሆነና ሲንኩ ሥር ውሃ ከነካው፣ አብጦ ይወርዳል፤ የተሸከመው ድንጋይም በጣም በሚሳሳበት ቦታ ይሰነጠቃል። የሚሳሳውም ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው፦ ከሲንኩ ቀዳዳ ፊትና ኋላ የሚቀረው ቀጭን ማሰሪያ። እዚያ ላይ ሙቀጫ አያስቀምጡ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈራችን ደግሞ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሞልቶ ጠረጴዛ ላይ መጫን የተለመደ ነው፤ 20 ኪሎ ነውና በካቢኔቱ ግድግዳ አናት ላይ እንጂ በሲንኩ ጠርዝ ላይ አይሁን። ሊፍት በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ ከሆነ ድንጋዩ በሁለት ተከፍሎ መውጣቱ አይቀርም፤ መገጣጠሚያው ከሲንኩ እንዲርቅ ከመቆረጡ በፊት ይነጋገሩ።

ኳርትዝ የሚባለው ደግሞ ከተራራ የተቆረጠ ድንጋይ አይደለም። የተፈጨ ኳርትዝ በሬዚን ማጣበቂያ ተለውሶና ተጨምቆ በፋብሪካ የሚሠራ ነው። ቀለሙ ወጥ ነው፣ ውሃ አይጠጣም፣ ሎሚ አይፈራም። ሁለት ነገር ግን ያስቡ። ማጣበቂያው ፕላስቲክነት ስላለው በጣም የጋለ ድስት በቀጥታ ሲቀመጥበት ሊቃጠልና ቀለሙ ሊለወጥ ይችላል፤ ሙቀቱን ለረጅም ሰዓት ይዞ የሚቆይ የሸክላ ድስት ለሚጠቀም ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሁለተኛው ዋጋው ነው፤ ከውጭ የሚገባ በመሆኑ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ያለውን ሒሳብ እርስዎም ያውቁታል። የቆየ የዋጋ ማቅረቢያ ይዘው በጀት አያውጡ።

ሦስተኛ ነገር አለ፤ እሱ ግን ከዋጋ በላይ ነው።

መጀመሪያ እምነበረዱ ሲገጠም ድንጋዩን የቆረጠው ልጅ ከሃያ ዓመት የሚበልጥ አይመስለኝም። ግቢያችን ውስጥ በግራይንደር ደረቁን ቆረጠው፤ አፍና አፍንጫውን በሹራቡ አንገት ሸፍኖ። ነጩ አቧራ የተሰጣው ልብስ ላይ፣ የልጄ ብስክሌት ላይ፣ የልጁ ሽፋሽፍት ላይ ሳይቀር አረፈ። እኛ ሻይ አቀረብንለትና በሥራው ፍጥነት ተደነቅን። የድንጋይ አቧራ ውስጥ ሲሊካ የሚባል ማዕድን አለ። በጣም የደቀቀው ሳንባ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፤ ሳንባውን ያጠነክረዋል፤ ሲሊኮሲስ ይባላል፤ የሚያድን መድኃኒት የለውም። ዕድል ሆኖ የእኛ እምነበረድ ነበር፤ እምነበረድ ሲሊካው ጥቂት ነው። ግራናይት የበለጠ አለው። የፋብሪካው ኳርትዝ ግን አብዛኛው አካሉ ሲሊካ ነው፤ ብዙዎቹ ምርቶች ከ90 በመቶ በላይ። አውስትራሊያ ወጣት ድንጋይ ቆራጮቿ በዚህ በሽታ ሲያዙባት እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ይህን ሰው ሠራሽ ድንጋይ መሥራትም፣ መግጠምም ከልክላለች፤ በዓለም የመጀመሪያዋ ናት።

የተገጠመና የተቀመጠ ድንጋይ እርስዎንም ልጆችዎንም አይጎዳም፤ አደጋው አቧራው ላይ ነው። ስለዚህ ውል ሲገቡ አንድ ነገር ያስጽፉ፦ ልኬቱ ቤት ይወሰድ፣ ቆረጣው ግን የሲንኩ ቀዳዳ ሳይቀር ወርክሾፕ ውስጥ ውሃ እየፈሰሰበት ይሁን። ቤትዎ ድረስ መጥቶ የሚቀር ትንሽ ማስተካከያ ካለ ውጭ፣ በውሃ፣ ልጆች ርቀው ይሠራ። የጨርቅ ማስክ ይህን አቧራ አያስቆምም፤ ኤን 95 ገዝተው ቢሰጡት የድንጋዩን ዋጋ አይጨምርብዎትም።

የቀሩትን በአጭሩ ልበል። ቴራዞ ርካሽና የሚያምር ነው፤ ግን ሲሚንቶና የእምነበረድ ጠጠር ስለሆነ ሎሚን እንደ እምነበረድ ይፈራል። ሴራሚክ ራሱ ጠንካራ ነው፤ በመካከሉ ያለው ፉጋ ግን ኤርድና በርበሬ ይይዛል፤ ከተጠቀሙ ሰፋፊውን ሴራሚክና ጥቁር ፉጋ ይምረጡ። ፎርማይካ ውሃ በጠርዙ ካልገባበት በጀቱን ይጠቅማል፤ ብዙ ጊዜ ግን ይገባበታል። ስቴንለስ ስቲል ምግብ ቤቶች ያለ ምክንያት አልመረጡትም፤ ሎሚም፣ ትኩስ ድስትም፣ ዘይትም አያሳስበውም፤ ይጫጫራል፣ ይጮሃል፣ ያን ያህል ነው። ተከራይ ከሆኑ ደግሞ እግር ያለውን የስቴንለስ ጠረጴዛ ይግዙ፤ ሲለቁ ይዘውት ይሄዳሉ። በሰው ካቢኔት ላይ ግራናይት ማስገጠም ለአከራይዎ ስጦታ መስጠት ነው።

ከድንጋዩ ዓይነት ይልቅ በየቀኑ የሚሰማዎት ግን ከፍታው ነው። ካቢኔት ሠሪዎች ሳይጠይቁ 90 ሳንቲም ያደርጉታል። እናቴ አጭር ናት፤ በዚያ ከፍታ ሽንኩርት ስትከትፍ ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ይወጣል። ክርናችን ጎንበስ ሲል ካለበት ከ10 እስከ 15 ሳንቲም ዝቅ ያለ ጠረጴዛ ይመቻል ይባላል፤ የሚለካው ግን እዚያ የምትሠራዋ ሰው ክርን ነው፣ የቤቱ ባለቤት አይደለም። ምጣዱ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ወርዱ 60 ሳንቲም ገደማ ነው፤ ከጠረጴዛው ስፋት ጋር እኩል ማለት ነው። የራሱ ቁመት ሲጨመር 90 ሳንቲም ላይ የተቀመጠ ምጣድ ሊጥ ለሚያፈስ እጅ በጣም ከፍ ይላል፤ አክንባሎው ሲነሣም እንፋሎቱ ፊት ላይ ነው። ቦታ ካለ ለምጣዱ ብቻ ዝቅ ያለ፣ ሰፋ ያለ መደብ ያስቀሩ፤ ከመስኮት አጠገብ ቢሆን ይመረጣል። ኤሌክትሪኩም ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ስለሚወስድ የራሱ መስመር ያስፈልገዋል፤ ኤሌክትሪሺያኑ ከድንጋዩ በፊት ይምጣ።

ግቢ ያላቸው ብዙ የየካ ቤቶች ሁለት ማዕድ ቤት አላቸው፦ ውስጥ ያለው ዘመናዊው፣ ውጭ ያለው ወጥ የሚሠራበት። ገንዘቡ ግን የሚፈሰው ውስጥ ላለው ነው፤ ውጭ ያለው በሊሾ ይቀራል። የእርስዎም እንዲህ ከሆነ ልመናዬ አንድ ነው፤ እምነበረዱን ከወደዱት ውስጥ ያድርጉት፣ ግራናይቱን ግን ውጭ።

እኛ ሁለት ቤት ስለሌለን ከፈልነው። የሲንኩንና የምድጃውን ክፍል አስነሥተን ግራናይት አስገባን፤ ከሲንኩ የራቀውን እምነበረድ ተውነው፤ እዚያ የድፎ ዳቦ ሊጥ ይዳመጣል። ግራናይቱን የመረጠችው እናቴ ናት፤ ከአራቱ ናሙናዎች እኔ “ይሄስ ይቅር” ያልኩት ዝንጉርጉር ግራጫ ነበር።

ሲገጠምልዎት ቆመው ይዩ። ከኋላ በኩል ያለው ዞኮሎ ከግድግዳው ጋር በሲልኮን መዘጋቱን፣ ከፊት ጠርዙ ሥር ውሃ የሚያንጠባጥብ ጭረት መውጣቱን ይመልከቱ፤ ያ ጭረት ከሌለ ውሃው ዞሮ ካቢኔቱ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ቀሪውን ሒሳብ ከመክፈልዎ በፊት አንድ ብርጭቆ ውሃ መሃል ላይ ያፍስሱ። ቦታው ላይ ከቆመ ወይም ወደ ሲንኩ ካዘነበለ ይክፈሉ። ወደ ግድግዳው ከሮጠ ወይም በካቢኔቱ በር ላይ ከወረደ፣ እስኪስተካከል ድረስ ገንዘቡን ያቆዩት።